የልጄ ኮምፒዩተርና የወንድሜ ንቦች

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔም ስልሳ አራት ዓመቴ። ስልሳ አራት የምላችሁ እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እንደነገረችኝ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ግን «ስልሳ ሁለት ነህ» ይለኛል። በሌላው ነገር አለመስማማታችንስ ይሁን፤ ሰው በገዛ ልደቱ እንዴት ይረታል?

ከማክሰኝት ገጠር ተነሥተን ጎንደር ከተማ ከገባን ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሆኖናል። ያስገባችን ባለቤቴ ተዋበች ናት። እግሯን ስለሚያማት «ሐኪም ቤት እንቅረብ» አለች፤ ቀረብን። ልጃችን ሙሉጌታ ደግሞ ምሥራቅ ጀርመን አምስት ዓመት ተምሮ በዚያው ዓመት ተመለሰ። የሰው ልጅ ከውጭ ሲመጣ ካፖርት ያመጣል፣ ብስክሌት ያመጣል። የኔው ኮምፒዩተር አመጣ። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ይመጣል ሲሉኝ ትልቅ መስሎኝ የበሩን አንድ ክንፍ ነቅዬ ጠበቅሁ። ከካርቶኑ የወጣው ከሥጋ መክተፊያ የማይበልጥ፣ ላዩ ላይ የፈረንጅ ፊደል የተደረደረበት ጠፍጣፋ ነገር ነው። በሩን መልሼ ለመግጠም ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ይኸ ነገር ደግሞ ለብቻው ከንቱ ነው። በአንድ ገመድ ከቴሌቪዥን፣ በሌላ ገመድ ከቴፕ ጋር ይጠመዳል፤ አንዱ በሬ ከቀረ እርሻ የለም። ከሁሉ የገረመኝ መርሳቱ ነው። ከሶኬቱ ከተነቀለ የተማረውን ሁሉ ይረሳል። ሲነሣ እንደ አዲስ ተማሪ ከካሴት ላይ ማስጠናት ነው። ካሴቱ ይዞራል፣ እሱ ያጠናል፣ ከዚያ ያጠናውን በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ ይጽፋል።

«አምስት ዓመት ቆይተህ ያመጣኸው የሚረሳ ነገር ነው?» አልሁት። «የሚረሳማ እኔ አለሁልህ። ምነው በከንቱ ተሸከምህ?»

«አባዬ፣ ይኸ እኮ እዚህ የሚያስቀረኝ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። የመንግሥት ምደባ ሲወጣ ለሙሉጌታ አሰብ ደርሶታል። አሰብ! ደጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ ባሕሩ እንኳ ትኩስ ነው ወደሚሉት አገር። ተዋበች ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ «አምስት ዓመት አጥቼው ገና ሳልጠግበው» እያለች ታለቅሳለች። እኔ አላለቅስም። እኔ አጥር እጠግናለሁ። ያን ሰሞን አጥራችን እንደ ፋሲል ግንብ ጠንክሮ ነበር።

አንድ ተስፋ ቀርቶናል። እዚሁ ጎንደር አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ልተወውና፣ የባለጉዳዩ ፋይል ከመብዛቱ የተነሣ መዝገብ ቤቱ የተፈለፈለ ዋሻ መስሏል። ሙሉጌታ ለኃላፊው «የሰውየውን ስም ብነግረው ፋይሉ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ወዲያው ይነግረኛል» ብሎ ስለ ኮምፒዩተሩ አወራለት። ኃላፊውም «እንግዲያው ሐሙስ ጠዋት ይዘኸው ና፤ ኮሚቴ ያየዋል። ያልኸውን ከሠራ ምደባህን ወደዚህ እናስለውጣለን። ካልሠራ ግን ጓዝህን ጠቅልል» አለው። ሙሉጌታ አንድ ወር ሙሉ ተቀምጦ ኮምፒዩተሩ የሚያጠናውን ትምህርት አዘጋጀና ካሴት ላይ ቀዳው።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። ጥፋት ካልሁት ማለቴ ነው።

በዚያን ጊዜ እንደኔ ፊደል ያልዘለቀው ሰው ደብዳቤ የሚልክ በካሴት ነበር። እኔም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ስሜን እጽፋለሁ፤ ከኋላዬ የሚገፋኝ ከሌለ ማስታወቂያም ቆሜ አነባለሁ። ያን ሰሞን ልልከው የፈለግሁት ግን ስድብ ነው። ስድብ ደግሞ በእጅ ሲጻፍ ይበርዳል።

የሚሰደበው ወንድሜ ደምሴ ነው። ገና ማክሰኝት ሳለን ንቦቼ ቀፎዬን ጥለው ወጡና ደምሴ ቀፎ ገቡ። «ንቦቹ የኔ ናቸው» ብዬ ሄድሁ። ደምሴ ጎረቤት በተሰበሰበበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንግዲያው በየስማቸው ጥራቸውና ይምጡልህ።» ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አንድ ያገሬ ሰው መንገድ ላይ ያዘኝና «አያ ደምሴ ዘንድሮ ማር ቆርጦ አገሩን ሁሉ አቀመሰ፤ ምን የመሰለ ሸጋ ማር!» አለኝ። የኔን ማር! ደሜ ፈላ።

ቤት ስገባ ሙሉጌታ የለም፤ ገመዱን ሁሉ ነቃቅሎ ወጥቷል። ቴፑ ውስጥ ካሴት አለ። ምን እንዳለበት ልስማ ብዬ ተጫንሁት። «ጭርርርር… ፂፂፂፂ…» አለ። እርጥብ እንጨት እሳት ውስጥ የገባ ይመስላል። «ይኸስ ታሟል፤ ምንም የለበትም» አልሁና ወደ መጀመሪያው መልሼ መናገር ጀመርሁ።

መጀመሪያ ስለ ጤናው፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅሁት። ስድብም ቢሆን በሰላምታ ነው የሚጀመር፤ አሳዳጊ የበደለኝ ሰው አይደለሁም። ከዚያ ወደ ንቦቹ ገባሁ። አንድ ፊት ሙሉ ተናገርሁ። «የሌባ ልጅ» ልለው አፌን ከከፈትሁ በኋላ አባታችን አንድ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ተውሁት እንጂ ሌላ ያስቀረሁበት የለም። ካሴቱን አወጣሁና በምትኩ የትልቋን ልጃችንን የሠርግ ካሴት አስገባሁ። ሰው ባስቀመጠው ቦታ ዕቃውን ካጣ ይደነግጣልና። ሁለቱ ከአንድ ሱቅ የተገዙ መንታ ካሴቶች ናቸው። ሰኞ ማለዳ ስድቤን ለማክሰኝት ሾፌር ሰጥቼ ላክሁ። ቀለል አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሙሉጌታ ኮምፒዩተሩን ጠመደው፤ ሊሞክረው። ቴሌቪዥኑ በራ። አንዲት ነጭ ነጥብ ብቅ አለችና ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። ቴፑን ተጫነው፤ ካሴቱ ዞረ። ጠበቅን። ነጥቧ ብልጭ ድርግም ትላለች። ካሴቱ አለቀ። ነጥቧ እዚያው ናት። ገመዱ ከተሰካ ቴፑ ለኮምፒዩተሩ ብቻ ነው የሚያንሾካሹክለት፤ እኛ ምንም አንሰማም።

«በርቷል፤ ግን አይነሣም» አለ ሙሉጌታ፤ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«ተኝቶ ይሆናል» አልሁና ቴሌቪዥኑን በመዳፌ ጎኑን መታሁት።

«አባዬ! ቴሌቪዥኑ ምን አደረገ?»

«ምን አውቃለሁ፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ይፈራል።»

ገመዱን ነቀለ፣ መልሶ ሰካ። ሶኬት ቀየረ። የነገሩ ወሬ በአጥሩ ላይ አልፎ ስለሄደ ጎረቤት መጣ። መጀመሪያ የመጡት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ተክሌ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ነጥቧን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ፊደል አለበት፤ ስለዚህ የተማሪ ጠባይ አለው» አሉ። «ተማሪ ዝም ሲል ወይ አልገባውም፣ ወይ ርቦታል።»

ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አስረስ ካቻቢቴውን ይዞ ገባ። ምንም ሳይጠይቅ የኮምፒዩተሩን ሆድ ሊከፍት ሲያጎነብስ ሙሉጌታ እጁን ያዘው። አስረስ ዝም ብሎ መሄድ ነውር ስለሆነበት የቤታችንን ማብሪያ ማጥፊያ ፈታ። ሲገጥመው ተገላበጠና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎኑን ለማብራት የመኝታ ቤቱን መጫን ሆነ። ተዋበች በበኩሏ የጠበል ጠርሙስ ይዛ ስትመጣ ሙሉጌታ ተወርውሮ ኮምፒዩተሩን በደረቱ ሸፈነው።

«እማዬ፣ ውሃ ይገድለዋል!»

«ጠበል የሚገድለው ምን ዓይነት ነገር ነው ቤቴ ያስገባህብኝ?» አለች። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩን በጎሪጥ ነበር የምታየው።

እኔም የድርሻዬን አልተውሁም። እንቢ ያለች በቅሎ ፊቷን ሲያዞሩላት ትሄዳለች። ስለዚህ ጠረጴዛውን ወደ ምሥራቅ አዞርሁት፤ እንቢ ሲል ወደ ምዕራብ። ወደ ሰሜን ሳዞረው ገመዱ እግሬን ጠለፈኝና እኔና ቴሌቪዥኑ ተቃቅፈን ተዋበች ላይ ወደቅን። ቴሌቪዥኑ እግዜር ይመስገን ምንም አልሆነ። ተዋበች ግን ስለ ሌላኛው እግሯ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

ረቡዕም እንዲሁ ነጋ፤ መሪጌታና አስረስም ተመልሰው መጡ። ሙሉጌታ እህል አልቀመሰም። ኮሚቴው የሚያየው በማግስቱ ነው። አንዴ ነጥቧን፣ አንዴ የግድግዳውን ካርታ ያያል፤ አሰብ ከካርታው ጥግ ላይ ናት። እኔም አጥር ልጠግን ወጥቼ አንድም የላላ እንጨት አጣሁ።

ስመለስ ሙሉጌታ «እስቲ ቴፑ ራሱ ይጫወት እንደሆነ» ብሎ ገመዱን ከቴፑ መዘዘው።

ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ የሚዜዎች ሆታ! መሪጌታ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አስረስ ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ። ሁላችን ቴፑን ከበብነው።

ቀድመው የተናገሩ መሪጌታ ናቸው። «ለካ አልራበውም» አሉ። «ሁለት ቀን ሙሉ ሠርግ ቤት ነበር።»

«ይኸ የእህትህ ሠርግ ነው» አለች ተዋበች።

«የኔስ ካሴት?» አለ ሙሉጌታ።

ዐሥር ዓይን ቢሆን እችለው ነበር። የተዋበች ሁለት ዓይን ግን አልቻልሁትም። ሁሉንም ተናገርሁ። ሙሉጌታ አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ፊቱ መበላሸቱን፣ የካሴቱ ሌላኛው ፊት ላይ ግን ቅጂ መኖሩን በቀስታ ነገረኝ።

«ሌላ ካሴት ላይስ?»

«የለም።»

ይኸን ስሰማ ነፍሴ ተመለሰች። «የገበሬ ልጅ ሆነህ ዘርህን ሁሉ ባንድ ጎታ ታኖራለህ?» ብዬ ተቆጣሁት። ጥፋተኛ ሰው የሚቆጣው ሲያገኝ ብርታት ያገኛል። ተዋበች ግን ነጠላዋን አጣፍታ «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን አሰብ ከሰደድህ አብሬው ነው የምሄድ። ከአጥርህ ጋር ኑር» አለችኝ። ወዲያው ማኪና ተሳፈርሁ።

ማክሰኝት ስወርድ ከሩቅ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። የልብስ ሰፊው የሰይድ ሱቅ ደጃፍ ሰው ተሰብስቧል። ሰይድ ቴፑን ከስፌት መኪናው አጠገብ አድርጎ ስድቤን እያሰማ ይሰፋል። ደምሴ ራሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ከዘራውን ተደግፎ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሁሉ ይሰማል። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ነው የዋሉ።

«ባለካሴቱ መጣ!» አለ አንዱ። ሰይድም «እርስዎ፣ ያችን ‹ንቧ እንኳ ፊትህን ስታይ መርዟን ትቆጥባለች› ያሏትን ከየት አገኟት?» አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በጭንቄ መሀል ትንሽ ደስ አለኝ።

«አያ ደምሴ፣ ካሴቱን መልስልኝ» አልሁ።

«ምነው? ካንተ ወጥቶ እኔ ዘንድ የገባ የኔ ነው» አለ። «ካልሆነ በስሙ ጥራው።»

ሰው አሁንም ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዱላ ነበር የማነሣ። የልጁን ነገር ነገርሁት፤ አሰብን፣ ኮሚቴውን፣ እናቱን። ደምሴ ከበርጩማው ተነሣ። ሙሉጌታን አንቀልባ ላይ ሳለ ጀምሮ ይወደዋል፤ ፈረስ መጋለብ ያስተማረው እሱ ነው።

«እሰጥሃለሁ» አለ። «ግን ስድብህን አገር ሰምቷል። ዓርብ ጠዋት እዚሁ ደጃፍ ትመጣና፣ ይኸው ሰው ባለበት፣ ንቦቹ የደምሴ ናቸው ትላለህ።»

ሦስት ዓመት ያልወጣችኝ ቃል ናት። «እሺ» አልሁ። ቃሏ ስትወጣ እንደ መንጋጋ ጥርስ ነው ያመመችኝ። «ብቻ ሌላኛው ፊቱ ደህና ነው?»

«እሱ ላይማ መልሴን ተናገርሁበት።»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ልጄን ወንድማማቾች ሆነን አሰብ አደረስነው አልሁ። ደምሴ ግን ካሴቱን በጋቢው ጫፍ ቋጠረና «ተነሥ። ላንተ አልሰጥም፤ መንገድ ላይ ትሰድብበታለህ። ይዤው እሄዳለሁ» አለ። ጎንደር እስክንደርስ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ሙሉጌታ የሁለተኛውን ፊት ከመጀመሪያው አስጀመረው። የደምሴ ድምፅ ወጣ፤ «ብዙ ለፈለፍህ። አሁን አፍህን ዝጋ!» ከዚያ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ «ጭርርርር… ፂፂፂፂ…»

«ይኸው ነው መልስህ?» አልሁት።

«ምን ልጨምር?» አለ ደምሴ።

ሙሉጌታ ዘሎ አቀፈው። በዚህኛው ፊት ላይ ትምህርቱን ሦስት ጊዜ አከታትሎ ነው የቀዳው። የደምሴ መልስ አጭር ስለሆነ የመጀመሪያውን ብቻ ነው ያበላሸው። አጎቱ እንደኔ አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ኖሮ ልጁ ጠፍቶ ነበር። ሁለተኛው ላይ አድርሶ ገመዱን ሰካ። ነጥቧ ጠፋችና ቴሌቪዥኑ ፊደል በፊደል ሆነ። ተዋበች እልል አለች፤ ይኸኛው እልልታ እውነተኛ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እኔ ቴሌቪዥኑን፣ ደምሴ ኮምፒዩተሩን በጋቢው ጠቅልሎ፣ መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ገባን። ተሸካሚ ተብለን ከኋላ ቆምን። ኮሚቴው ተደርድሯል። ኃላፊው ተነሥቶ ስለ ሳይንስና ስለ ሰፊው ሕዝብ ንግግር ጀመረ። ንግግሩ ረጅም ነው። ሙሉጌታ ጊዜ ልቆጥብ ብሎ፣ ገመዱን ከመሰካቱ በፊት፣ ካሴቱ የት ላይ እንዳለ ሊሰማ ቴፑን ተጫነው። ሁለተኛው ትምህርት ላይ አቁሞት ነበርና። እኔ ግን ጠዋት፣ ሸጋ ሆኖ ይጀምርለት ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ ወደ መጀመሪያው መልሼለታለሁ።

ኃላፊው «ሰፊው ሕዝብ…» ሲል ቴፑ በደምሴ ድምፅ «ብዙ ለፈለፍህ። አሁን አፍህን ዝጋ!» አለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጸጥታ ጥሩ አልነበረም። ሙሉጌታ ቴፑን አጠፋና ጣቱ እዚያው ላይ ደረቀ።

«ማነው እሱ?» አለ ኃላፊው ቀስ ብሎ።

ደምሴ ከዘራውን መሬት ላይ ቀጭ አደረገና ወደ ፊት ወጣ። «እኔ ነኝ ጌታዬ። እርስዎን አይደለም፤ ይኸን ወንድሜን ነው» ብሎ በጣቱ አመለከተኝ። «ቢያውቁት እርስዎም ይሉት ነበር።»

ኃላፊው አየኝ። እኔም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «እውነቱን ነው» አልሁ። አንዲት የኮሚቴ አባል አፏን በወረቀት ሸፈነች። ከዚያ ኃላፊው ራሱ መሳቅ ጀመረ፤ ሲስቅ ደግሞ ሁሉም የተፈቀደላቸው ያህል ሳቁ። ንግግሩንም እዚያው ላይ አቆመ።

ሙሉጌታ ካሴቱን አሳለፈ፣ ገመዱን ሰካ። ጠበቅን። ፊደሉ መጣ። ኃላፊው የአንድ ባለጉዳይ ስም ሰጠው፤ ሙሉጌታ ጻፈ፤ ቴሌቪዥኑ የመደርደሪያውን ቁጥር አወጣ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ሮጦ ሄደና ፋይሉን አቧራውን እያራገፈ ይዞ መጣ። ሌላ ስም ሰጡት፤ እሱም ተገኘ። ከቀትር በፊት ምደባው እንዲለወጥ ተስማምተው ፈረሙ። ተዋበች ስትሰማ መጀመሪያ ልጇን፣ ቀጥሎ ደምሴን፣ መጨረሻ ላይ ኮምፒዩተሩን ሳመችው። እኔን ዘለለችኝ።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ከደምሴ ጋር ማክሰኝት ወረድሁ። ሰይድ ስፌቱን አቁሟል፤ ሰዉ በርጩማውን ከየቤቱ ይዞ መጥቷል። ደጃፉ ላይ ቆሜ «ንቦቹ የደምሴ ናቸው» አልሁ።

«ከኋላ ያለው አልሰማም» አለ ደምሴ።

ልጄ ጎንደር ቀርቷል፤ ሃያ ጊዜ ድገም ቢለኝም እደግም ነበር። አራት ጊዜ ደገምሁት።